የፅንሱ ልብ በእናት ደም ይታወቃል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ነፍሰ ጡሮች

ደሴ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ደም እቀዳለሁ፣ ናሙና አዘጋጃለሁ፣ ውጤት አወጣለሁ። እዚህ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ነው፤ ማረሙን ከተውኩት ቆየሁ። ሰሞኑን ነፍሰ ጡሮች አዲስ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ስልካቸውን ከቦርሳ አውጥተው አንድ ቪዲዮ ያሳዩኛል። ከእናት ክንድ ደም ተቀድቶ፣ ፕሮቲን ተለክቶ፣ የፅንሱ ልብ ችግር ካለበት ገና ሳይወለድ ይታወቃል የሚል ነው።

«ዶክተር፣ ይሄ እናንተ ጋ አለ?»

የለም። እኛ ጋ ብቻም አይደለም። ትልልቅ ላቦራቶሪ ባላቸው አገሮችም ሐኪሞች የፅንስን ልብ ለማጣራት አዘውትረው የሚያዙት እንዲህ ያለ የፕሮቲን ምርመራ እስካሁን የለም። ጉዳዩ ጥናት ላይ ነው። «አለን» ብሎ ገንዘብ ሊቀበልሽ የሚል ካጋጠመሽ የምርመራውን ስም በወረቀት እንዲጽፍልሽ ጠይቂና ለሐኪምሽ አሳዪ።

ይህን ስል ፊቷ የሚቀየርባት አለች። «አብሽሪ» እላታለሁ። የፅንሱን ልብ ማወቂያ መንገድ አለ፤ የሚጀመረውም እዚሁ ነው። የደም ምርመራም የራሱ ድርሻ አለው፤ ግን ስልኩ ላይ የተባለው ድርሻ አይደለም። ከታች የምጽፈው በናሙና መቀበያው መስኮት በጥድፊያ የምናገረውን ነው፤ እዚህ ረጋ ብዬ።

ፕሮቲኑ ምን ቸገረው?

ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። ከ1000 ሕፃናት 8 ወይም 10 የሚሆኑት የልብ አፈጣጠር ችግር ይዘው ይወለዳሉ። ሰው «ልቡ ላይ ቀዳዳ አለ» የሚለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ልቡና የእንግዴ ልጁ የሚሠሩት በአንድ ሰሞን ነው። ስለዚህ የአንዱ ችግር በእናት ደም ላይ ምልክት ይተው ይሆናል ብለው ተመራማሪዎች ይፈልጋሉ። ፕሮቲኖችን በክብደታቸው በሚለይ ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባል መሣሪያ የእናቶችን ሴረም፣ ማለትም ደም ሲረጋ የሚለየውን ፈሳሽ፣ ፈትሸው የፕሮቲን ልዩነት ያገኙ አሉ። የእንግዴ ልጁ የሚያመነጨው ፒኤልጂኤፍ የሚባል ፕሮቲንም የልብ ችግር ያለበት ፅንስ በያዙ እናቶች ላይ ዝቅ ብሎ የተገኘባቸው ጥናቶች አሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ይኸው ፒኤልጂኤፍ በእርግዝና ደም ግፊትም ይወርዳል። ፅንሱ በደንብ ካላደገም ይወርዳል። ዝቅ ያለ ውጤት ባገኝ ለየትኛው ብዬ ልንገርሽ?

መጠኑም ሌላ ጣጣ ነው። ከደም ፈሳሽ ፕሮቲን ውስጥ ከግማሽ በላዩ አልቡሚን ብቻ ነው። የሚፈለጉት ፕሮቲኖች ደግሞ ከእሱ ጋር ሲነጻጸሩ እዚህ ግቡ የማይባሉ ናቸው። በገበያ ቀን ሰኞ ገበያ መሃል ቆሞ የአንድ ሕፃን ድምፅ ለይቶ እንደመስማት ነው።

በዚያ ላይ ደም ተበላሺ ነገር ነው። መርፌው ቀጥኖ ሲሪንጁ በኃይል ከተሳበ ቀይ ሕዋሶቹ ይፈነዳሉ። ደሙን አሽከርክሮ የሚለየው ሴንትሪፉጅ ሲቆም ሴረሙ እንደ ወትሮው ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ቀላ ብሎ ይወጣል። ያን ጊዜ በሕዋሱ ውስጥ የነበረው ፕሮቲን ሁሉ ውጭ ፈሷል። ሴረሙ ሳይለይ ብዙ ሰዓት ከቆየ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ከሞቀም ነገሩ ይለወጣል። እኔ ለተራ የፖታሲየም ምርመራ እንኳ እንዲህ ያለውን ቱቦ መልሼ «ድጋሚ ይቀዳ» እላለሁ። በአንድ ሆስፒታል ናሙና የተገኘ የፕሮቲን ልዩነት ሌላ ቦታ ሲሞከር የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው የናሙና አያያዝ ነው።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን ተመልከቺ። እንበልና አንድ ቀን 90 ከመቶ የሚሳካለት ምርመራ መጣ። 1000 ነፍሰ ጡሮች ተመረመሩ፤ ከእነሱ 10ሩ ችግር ያለበት ፅንስ ይዘዋል። ምርመራው 9ኙን ያገኛል፣ አንዷ ታመልጠዋለች። ከቀሩት 990 ጤነኞች ውስጥ ግን 10 ከመቶውን፣ ማለትም 99ኙን፣ በስህተት «ችግር አለ» ይላል። በጠቅላላው 108 እናቶች ክፉ ወሬ ይዘው ቤታቸው ይገባሉ፤ 99ኙ በከንቱ። «90 ከመቶ» የሚል ማስታወቂያ ስታዪ ይህን ሒሳብ አስቢ።

አንድ ነገር ልጨምር። «የልብ ፕሮቲን የሚለካ ምርመራ አላችሁ ተብያለሁ» የምትልም አለች። እውነቷን ነው፤ ትሮፖኒንና ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የሚባሉ አሉ። ከክንድሽ ስንቀዳ የሚለካው ግን ያንቺ ልብ ነው። የፅንሱ ፕሮቲን የእንግዴ ልጁን አልፎ እንደ ልብ ወዳንቺ አይመጣም። ራስሽ የልብ ቫልቭ ሕመም ካለብሽ ሐኪም ለአንቺ ሊያዝልሽ ይችላል። ለልጁ ብለሽ ግን ብርሽን አታውጪበት።

ካሉን ምርመራዎች የትኛው ይጠቅማል?

ፕሮቲን ሲባል አዲስና ውድ ነገር ብቻ ይመስለናል። ሄሞግሎቢንም ፕሮቲን ነው። ኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ስኳር ምን ያህሉ ሄሞግሎቢን ላይ እንደተጣበቀ ይለካል፤ ያለፉትን ከ2 እስከ 3 ወራት የስኳር አማካይ ይናገራል። ለፅንሱ ልብ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው የላቦራቶሪ ወረቀት ይህ ነው።

ምክንያቱ ይሄውና። ከእርግዝና በፊት የነበረ፣ በቁጥጥር ሥር ያልዋለ ስኳር የፅንሱ ልብ በትክክል እንዳይሠራ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው ነው። ስጋቱን ከ3 እስከ 5 እጥፍ ያህል ያሳድገዋል። ልቡ የሚሠራው ደግሞ በጣም ቀደም ብሎ ነው። የመጨረሻ የወር አበባ ካየሽበት ቀን ስንቆጥር በ6ኛው ሳምንት ገደማ ይመታል፤ በ10ኛው ሳምንት ቅርጹ በአብዛኛው አልቋል። ብዙዋ እናት ካርድ የምታወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ስኳር ካለብሽ፣ ወይም እናትሽ አባትሽ ስኳር ካለባቸው፣ ወይም የበፊቱ ልጅሽ ከ4 ኪሎ በላይ ሆኖ ከተወለደ፣ ለማርገዝ ስታስቢ ኤዋንሲ ታዪ። ስኳር ላለባት ሴት ከማርገዟ በፊት ከ6.5 ከመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። አርግዘሽም ከሆነ በመጀመሪያው ክትትል ቀን ጠይቂ።

አመጣጥሽን ልንገርሽ። ለኤዋንሲ ጾመሽ መምጣት አያስፈልግም። ከኮምቦልቻ በባዶ ሆድ ተነስተው፣ በዚያ ጠመዝማዛ ዳገት በሚኒባስ ተንገላተው፣ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ የሚያዞራቸው አሉ። ቁርስሽን ብዪ። ጾሙ የሚፈለገው ለባዶ ሆድ ስኳር ነው፤ ሁለቱም ከታዘዙልሽ ብቻ ጾመሽ ነይና ዳቦሽን በቦርሳሽ ያዢ። የምንቀዳው ወይን ጠጅ ክዳን ባለው ትንሽ ቱቦ ነው። ቀጂው ቱቦውን በቀስታ ሲገለባብጥ ታያለሽ፤ ደሙ እንዳይረጋ ነው። ከረጋ ድጋሚ ትወጊያለሽ።

ለቀጂው ወይም ለሐኪሙ ሳትናገሪ እንዳትወጪ የምልሽ ነገር አለ። የደም ማነስ አለብሽ? በቅርቡ ወባ ታመሻል? ደም ተሰጥቶሻል? የብረት እጥረት ኤዋንሲን ያለ አግባብ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ወባና ቀይ ሕዋስን የሚሰብር ሌላ ነገር ዝቅ ያደርገዋል። ከሐርቡ ወገን ለምትመጣ ሴት ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። እርግዝናውም ራሱ ቁጥሩን ትንሽ ያወርደዋል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ከጎኑ የደም ስኳሩንም የሚያዩት።

በ24 እና 28 ሳምንት መካከል ጣፋጭ ውሃ አጠጥተው የሚሠሩት የስኳር ምርመራ ሌላ ነው። እሱ በእርግዝናው ምክንያት የመጣ ስኳርን ይፈልጋል። ሊቀር አይገባም፤ ግን ያን ጊዜ ልቡ ተሠርቶ ካለቀ ወራት አልፈዋል።

ሁለተኛው ምርመራ ለጥቂት እናቶች ብቻ ነው። ፕሮቲን የእንግዴ ልጁን አያልፍም ብዬ ነበር፤ ሰውነት ለመከላከያ የሚሠራው አንቲቦዲ የሚባለው ፕሮቲን ግን ያልፋል። ሉፐስ ወይም ሾግረን የሚባል ሕመም ያለባት ሴት ደም ውስጥ አንቲ-ሮ የሚባል አንቲቦዲ ሊኖር ይችላል። እሱ ወደ ፅንሱ አልፎ የልቡን የኤሌክትሪክ መስመር ይጎዳል። አንቲቦዲው ካላቸው 100 እናቶች በአንዷ ወይም በሁለቷ ላይ ነው የሚደርሰው፤ ከዚህ በፊት ልጅ የተጎዳባት ከሆነች ግን በሚቀጥለው ላይ ስጋቱ ከ15 እስከ 20 ከመቶ ይደርሳል። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በ18ኛውና በ24ኛው ሳምንት መካከል ነው። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መምታት የነበረበት ልብ ወደ 60 ገደማ ይወርዳል። ይህን ለመስማት ማስ ስፔክትሮሜትር አያስፈልግም፤ አዋላጇ በፌቶስኮፕ ትሰማዋለች። ስለዚህ ክትትል በሄድሽ ቁጥር «ምቱ ስንት ነው?» በይና ካርድሽ ላይ መጻፉን እዪ። መገጣጠሚያሽ የሚያብጥ፣ ፀሐይ ፊትሽን የሚያቆስልሽ፣ ዓይንና አፍሽ ሁልጊዜ የሚደርቅ ከሆነ ለሐኪም ንገሪ። ምርመራውን እሱ ያዝልሻል። እዚህ ካልተሠራ ሴረሙ በበረዶ ሳጥን ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ ውጤቱ ይቆያል፣ ታገሺ።

ሦስተኛው በፓፕ-ኤ፣ በቤታ ኤችሲጂ ወይም በኤኤፍፒ ስም የሚመጣው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በዋናነት ለዳውን ሲንድሮም፣ ኤኤፍፒ ደግሞ ለአከርካሪና ለጭንቅላት ክፍተት ነው። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ የሚጠጉት የልብ ችግር ስላለባቸው ነገሩ በጎን ይነካካል። ልብን ግን አያሳዩም። ከእነሱ ጋር በ11ኛውና በ14ኛው ሳምንት መካከል በአልትራሳውንድ የሚለካው የፅንሱ ማጅራት ፈሳሽ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል፤ 3.5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ልቡ ተለይቶ መታየት አለበት። ወደ ውጭ አገር ተልኮ የሚሠራው የዲኤንኤ ምርመራም ክሮሞሶም ነው የሚያየው። «ዲኤንኤው ንጹሕ ነው» ማለት «ልቡ ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም።

ሳምንትሽን ቁጠሪ

ወደ ዋናው ምርመራ፣ ወደ አልትራሳውንዱ፣ ከመሄድሽ በፊት ሳምንትሽን ማወቅ አለብሽ። «ከመውሊድ በኋላ ነው መሰለኝ»፣ «የጥምቀት ማግስት አካባቢ» ሲባል እሰማለሁ። በዓል ጥሩ ማስታወሻ ነው፤ ግን ወደ ቀን መልሺውና ጻፊው። የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሁሉም 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው ቀላል ነው።

የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባሽ ከጀመረበት ቀን ነው። መስከረም 10 ነበር እንበል። ለማጅራቱ ልኬት 11 ሳምንት ማለት 77 ቀን፣ ማለትም 2 ወር ከ17 ቀን ነው፤ ኅዳር 27 ይውላል። እስከ ታኅሣሥ 17 ድረስ ጊዜ አለሽ። ልቡ በደንብ የሚታይበት ከ18 እስከ 22 ሳምንት ነው። 18 ሳምንት 4 ወር ከ6 ቀን ነው፤ ጥር 16። 22 ሳምንት 5 ወር ከ4 ቀን ነው፤ የካቲት 14። ስለዚህ ቀጠሮሽን ጥር መጨረሻ ላይ አስይዢ፤ ልጁ አልመች ብሎ ድጋሚ ነይ ብትባዪ ቀን ይተርፍሻል። ጳጉሜን መሃል ከገባች ከሚወጣው ቀን ላይ 5 ቀንሺ፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት 6። የወር አበባሽ የሚዛባ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የተነሳ አልትራሳውንድ ከማንኛውም ቆጠራ ይበልጣል።

አልትራሳውንዱ ክፍል ውስጥ

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2016 ባወጣው ምክር ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንድትታይ ይላል። አንዱ ዓላማው ይኸው ነው፤ የአፈጣጠር ችግርን ቶሎ ማግኘት። ብዙዋ ሴት ግን የምትሄደው ለመውለድ ስትቃረብ ነው። ያኔ ልጁ አድጎ ተጨናንቋል፣ የጎድን አጥንቱ ጥላ ይጥላል፣ ልቡን ለማየት ያስቸግራል።

አልትራሳውንድ ሁሉ አንድ አይደለም። በየክሊኒኩ የሚሠራው አጭሩ «ምቱ አለ፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው፣ የሽርት ውሃው በቂ ነው» ብሎ ያበቃል። ለዚህ ለመጣሽበት ግን ሙሉ የአካል አፈጣጠር ምርመራ ነው የምትፈልጊው፤ ባለሙያዎቹ አናቶሚ ስካን ይሉታል። ሪፈር ወረቀትሽ ላይ ይህ እንዲጻፍ አድርጊ። ደሴ ላይ ከጤና ጣቢያ ወደ ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መላክ የተለመደ ነው፤ ወደ ግልም መሄድ ይቻላል። በግል ከሆነ ከመክፈልሽ በፊት «አናቶሚ ስካን የሚያነሳ ሐኪም በየትኛው ቀን ነው ያለው?» ብለሽ ጠይቂ።

ጄሉ ሆድሽ ላይ ሲያርፍ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በላይ ሕመም የለውም። አጠገብሽ የቆመው ባልሽ ወይም እናትሽ መጀመሪያ የሚጠይቁት የታወቀ ነው፤ «ወንድ ነው ሴት?» ይሁን፣ ይጠየቅ። አንቺ ግን ሦስቱን ጠይቂ፦ «አራቱ የልብ ክፍሎች ታዩ? ከልብ የሚወጡት ሁለቱ ትልልቅ የደም ቧንቧዎች ታዩ? ልቡ ያለው በግራ በኩል ነው?» ሁለተኛውን ጥያቄ አትዝለዪው። አራቱ ክፍሎች ብቻ ታይተው ካበቃ፣ ሁለቱ ቧንቧዎች ቦታ የተለዋወጡበት ከባዱ ችግር ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። መልሱ ወረቀቱ ላይ ይጻፍልሽ። «አልታየም» ከተባለ «ጤነኛ ነው» ማለት አይደለም፤ ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ይሆናል። ወጣ ብለሽ ትንሽ ተራመጂና ተመለሺ፣ ወይም ሌላ ቀን ነይ።

ከዚህ በፊት የልብ ችግር ያለበት ልጅ ከወለድሽ፣ አንቺ ወይም ባልሽ ከነልብ ችግራችሁ የተወለዳችሁ ከሆነ፣ ስኳር ካለብሽ፣ ከባልሽ ጋር የሥጋ ዝምድና ካላችሁ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ትኩሳትና ሽፍታ አሞሽ ከነበረ፣ ይህን ሁሉ ሳትጠየቂ ንገሪ። የፅንስ ኢኮ የሚባለው ጠለቅ ያለ የልብ ምርመራ የሚታዘዘው በዚህ ነው። መድኃኒትም ካለ ስትሪፑን ይዘሽ ሂጂ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤትና ለደም ግፊት የሚሰጠው ኢናላፕሪል ሐኪም ሊቀይራቸው የሚገቡ ናቸው። በራስሽ ግን አታቁሚ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ማቆም ከባድ አደጋ አለው። ለወገብ ሕመም ብለው የሚወጉት ዲክሎፍናክ፣ ኢቡፕሮፌንም ቢሆን፣ በኋለኞቹ ወራት የፅንሱን የልብ ቧንቧ ያለ ጊዜው ሊዘጋ ይችላል። ከፋርማሲ ዝም ብለሽ አትግዢ።

ሁሉም ደህና ከተባለ በኋላ

ደህና የተባለ ልጅም ሲወለድ መታየት አለበት። በማህፀን ውስጥ ሳንባው ስለማይሠራ ደሙ በአቋራጭ ያልፋል። ለዚህ ሲባል በሁለቱ የላይኛው የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ፣ በሁለቱ ትልልቅ ቧንቧዎች መካከልም መተላለፊያ አለ። ሁለቱም ሲወለድ መዘጋት ያለባቸው ናቸው። ሳይዘጉ መቅረታቸውን አስቀድሞ የሚናገር አልትራሳውንድ የለም፤ ያን ጊዜ ክፍት መሆናቸው ጤና ነውና። በታችኞቹ ክፍሎች መካከል ያለ ጥቃቅን ቀዳዳም ያመልጣል። ስለዚህ ሐኪሙ «አላየሁም» ብሎ ሲወለድ ቢገኝ ወዲያው በእሱ አትፍረጂ።

ከተወለደ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ከሆስፒታል ሳትወጡ፣ የኦክስጅን መጠኑ በቀኝ እጁና በአንድ እግሩ እንዲለካ ጠይቂ። እጅና እግር ላይ የሚጠመጠም ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ደም አይቀዳም። ብዙ አገር የሚሠራበት መመሪያ 95 ከመቶና ከዚያ በላይ፣ የእጅና የእግሩም ልዩነት ከ3 ያልበለጠ ከሆነ ደህና ይላል። ደሴ ግን ከባሕር ጠለል 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ላይ የጤነኛ ሕፃንም ቁጥር ትንሽ ወረድ ይላል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል እዚያ ነገሩ ይቀላል። እዚህ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር የተወለደ ልጅ 94 ቢያሳይ ብቻውን የሚያስደነግጥ አይደለም፤ እግሩን አሙቀው፣ ልጁ ሲረጋጋ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይድገሙት። ከ90 በታች ከሆነ ወይም እጅና እግሩ ከተራራቁ ግን ከፍታውን ሰበብ አታድርጉት፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ይየው።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ጡት ሲጠባ ግንባሩን የሚያልበው፣ ጠብቶ ሳይጨርስ የሚደክም፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ምላሱና ከንፈሩ የሚጠቁር፣ ኪሎ አልጨምር የሚል ልጅ ካለ ክትባት ቀኑን አትጠብቂ። እጅና እግር ብቻ በብርድ ቢጠቁር ደሴ ነው፤ ምላስ ሲጠቁር ግን ብርድ አይደለም።

ችግር ከተገኘስ?

በመጀመሪያ ስሙን በትክክል አጽፊ። «ልቡ ላይ ችግር አለ» የሚል ወረቀት ይዘሽ አዲስ አበባ ብትሄጂ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። አንዳንዱ ቀዳዳ በራሱ ይዘጋል። አንዳንዱ ሲያድግ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ጥቂቱ ደግሞ ከተወለደ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ቅድም ያልኩት በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ያለው መተላለፊያ እንዳይዘጋ መድኃኒት የሚፈልግ ነው። አስቀድሞ ማወቁ ትልቁ ጥቅሙ ለዚህ ለሦስተኛው ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰማያዊ ሆኖ የተወለደን ሕፃን ይዞ በሌሊት ከመንገዱ ጋር ከመታገል፣ ሆድ ውስጥ እያለ ወደዚያው ተጠግቶ መውለድ ይሻላል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው፣ በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት በፈረንጆቹ 2009 ሥራ የጀመረው የልብ ማዕከል የሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና ይሠራል። ወረፋ አለ፤ ቶሎ መመዝገቡ ለዚህ ይጠቅማል።

የልብ ችግር ተገኘ ማለት የግድ በኦፕራሲዮን ትወልጃለሽ ማለት አይደለም። አብዛኞቹ በምጥ ሊወለዱ ይችላሉ፤ ቦታውና የሚጠብቀው ሐኪም ነው ዋናው። ቤተሰብ ውስጥ «ምን አድርጋ ነው?» የሚል አይጠፋም። አብዛኛው የልብ ችግር የሚገኘው ምንም የሚታወቅ ስጋት በሌላቸው እናቶች ላይ ነው፤ ይህን ለአማትሽ ባልሽ ይንገራቸው። ዱዓውም ጸሎቱም ይደረግ፤ ቀጠሮው ግን አይለፍ።

ስትሄጂ የምትይዢው፦ የክትትል ካርድሽ፣ የአልትራሳውንዱ ወረቀት ከነፎቶው፣ የደም ዓይነትሽ፣ ኤዋንሲና የደም ማነስ ውጤትሽ። ፎቶ አንሥተሽ ስልክሽ ላይም አስቀምጪ። የላቦራቶሪ ውጤት ከጠፋብሽ በካርድ ቁጥርሽ መዝገብ ላይ ስለሚገኝ እኛ ጋ መጥተሽ ጠይቂ፤ ድጋሚ አትወጊ።

ሌላ ልጅ የምታስቢ ከሆነ፣ አንድ ልጅ የልብ ችግር ኖሮበት ሲወለድ በሚቀጥለው ላይ የመድገሙ ዕድል በአብዛኛው ከ100 ከ2 እስከ 5 ነው። ከማርገዝሽ አንድ ወር ቀደም ብለሽ ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮ ግራም በየቀኑ ጀምሪና እስከ 12ኛው ሳምንት ቀጥዪ። ዋናው ጥቅሙ ለአከርካሪው ነው፤ ለልብም ይረዳል የሚሉ ጥናቶች አሉ። ስኳር ካለብሽ መጠኑን ሐኪም ይወስንልሽ። ለኤዋንሲው ደግሞ ቁርስሽን በልተሽ ነይ።